ካሽ ወይስ ማርጂን? አክሲዮን በቀኑ ገዝቶ በቀኑ ለሚሸጥ ሰው የአካውንት መምረጫ

የመጀመሪያውን የማርጂን አካውንቴን የከፈትኩ ቀን 10 ሺህ ዶላር አስገባሁ። አፑን ስከፍተው ከላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር 20 ሺህ ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «የመግዛት አቅም» የሚል ጽሑፍ አለ። አልዋሽም፣ ልቤ ሞቅ አለ። የራሴን 10 ሺህ ለማየት ሁለት ገጽ ወደ ውስጥ መግባት ነበረብኝ።

አክሲዮን በቀኑ ገዝቶ በቀኑ መሸጥ፣ ማለትም ዴይ ትሬዲንግ፣ የሚፈልግ ሰው ከፊቱ ጥቂት መንገዶች አሉ። አንዱ በራስ ገንዘብ ብቻ የሚሠራበት ካሽ አካውንት ነው። ሌላው ከብሮከር፣ ማለትም አክሲዮን ከሚያገበያያችሁ ድርጅት፣ እየተበደሩ የሚሠሩበት ማርጂን አካውንት ነው። ከነዚህ ውጭ ደግሞ ብድሩ በሌላ ስም የተሸፈነባቸው አማራጮች አሉ። አብዛኛው ሰው የሚያወዳድራቸው «የትኛው ብዙ ያስገዛኛል?» ብሎ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የመረጥኩት። ዛሬ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ነገሩ ሲበላሽ መቼ እንደሚሸጥ የሚወስነው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ አበዳሪዬ?

ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። የምጠቅሳቸው ደንቦች በአብዛኛው የአሜሪካ ገበያ ናቸው፤ ቀኖቹና ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማርጂን ብድር ነው

ስሙ ያደናግራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ብሮከሩ ገንዘብ ያበድራችኋል፤ የገዛችሁት አክሲዮን መያዣ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ሪዘርቭ፣ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ፣ ደንብ ለመነሻ ቢያንስ ግማሹን ከራሳችሁ እንድታወጡ ያዛል። ይህ 50 በመቶ ከ1974 ጀምሮ አልተነካም። ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ የራሳችሁ ድርሻ ከአክሲዮኑ ዋጋ ከ25 በመቶ በታች እንዳይወርድ ፊንራ የተባለው የብሮከሮች ተቆጣጣሪ ይጠይቃል። 25 ግን ወለሉ ነው። ብሮከሮች 30 ወይም 40 ማለት ይወዳሉ። በጣም ለሚዋዥቅ አክሲዮን 100 በመቶ የሚጠይቁበት ጊዜም አለ።

የኔን ሒሳብ እንውሰድ። የራሴ 10 ሺህ፣ የተበደርኩት 10 ሺህ። በ100 ዶላር ሒሳብ 200 አክሲዮን ገዛሁ። ዋጋው 110 ቢገባ 2 ሺህ አተርፋለሁ፤ ከራሴ ገንዘብ አንጻር 20 በመቶ ማለት ነው። 90 ቢገባ ያው 20 በመቶ ይጠፋል። እዚህ ድረስ ሚዛኑ እኩል ይመስላል።

እኩልነቱ የሚፈርሰው ታች ነው። ዋጋው 66 ዶላር ከ67 ሳንቲም ሲደርስ አክሲዮኖቹ 13,333 ዶላር ገደማ ያወጣሉ። ዕዳው ግን ያው 10 ሺህ ነው፤ ከዋጋው ጋር አይወርድም። ለኔ የሚቀረኝ 3,333፣ ልክ 25 በመቶ። ከዚያ አንዲት ሳንቲም ዝቅ ካለ ማርጂን ኮል፣ ማለትም «ገንዘብ ጨምር ወይም አክሲዮንህ ይሸጣል» የሚለው ጥሪ፣ ይመጣል። ብሮከሩ 30 በመቶ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ 71 ዶላር ከ43 ላይ ይመጣል። ካሽ ያለው ሰው በዚያ ዋጋ ተናድዶም ቢሆን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይችላል። የተበደረው አይችልም።

«ኮል» የሚለው ቃል ራሱ ያታልላል። ሰው ስልክ የሚደወልለት፣ ሁለት ሦስት ቀን የሚሰጠው ይመስለዋል። ስንከፍት ሳናነብ የምንፈርመው ውል ግን ሌላ ይላል። ብሮከሩ ሳያሳውቅ መሸጥ ይችላል። የትኛውን አክሲዮን እንደሚሸጥ የሚመርጠው እሱ ነው። ጊዜ የመስጠት ግዴታ የለበትም። የሚጠይቀውን በመቶኛም በፈለገ ሰዓት ከፍ ማድረግ ይችላል።

ይህ የመጨረሻው እኔን አግኝቶኛል። ድርጅቱ የሩብ ዓመት ውጤቱን ሊያወጣ ሲል ብሮከሬ ለዚያ አክሲዮን የሚጠይቀውን ከ30 ወደ 75 በመቶ አወጣው። መልእክቱ ኢሜይሌ ውስጥ ነበር፤ አላየሁትም። በማግስቱ ጠዋት ዋጋው 94 ላይ ነበር፤ 6 በመቶ ብቻ ነው የወረደው። አፑን ስከፍት 200 የነበሩት አክሲዮኖች 124 ሆነዋል። 76ቱ ተሸጠዋል። ማታ ገበያው ሲዘጋ ዋጋው 101 ነበር። ስለ ድርጅቱ የገመትኩት ልክ ነበር። ቢሆንም በቀኑ መጨረሻ 332 ዶላር ከስሬያለሁ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ያንገበገበኝ ሌላ ነው፤ ልክ ሆኖም መክሰር እንደሚቻል ያን ቀን ነው የገባኝ።

ካሽ አካውንት፦ ዘገምተኛው

«በካሽ አካውንት ዴይ ትሬድ ማድረግ አይቻልም» የሚል ወሬ አለ። ስህተት ነው። ይቻላል፤ ብቻ ገንዘቡ እስኪመለስ መጠበቅ ያስፈልጋል። አክሲዮን ስትሸጡ ክፍያው በእርግጥ የሚጠናቀቅበት ቀን አለ፤ ትሬደሮች ሴትልመንት የሚሉት። አሜሪካ ውስጥ ከግንቦት 28 ቀን 2024 ጀምሮ ይህ በማግስቱ የሥራ ቀን ሆኗል። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ሰኞ የሸጣችሁበት ገንዘብ ማክሰኞ ነጻ ነው። በሌላ አነጋገር ገንዘባችሁን ሙሉውን በቀን አንድ ጊዜ ማዞር ትችላላችሁ። ለሁለት ከከፈላችሁት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በግማሽ በግማሹ።

ጥንቃቄ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ዛሬ በሸጣችሁበት፣ ገና ባልተጠናቀቀ ገንዘብ ሌላ አክሲዮን ገዝታችሁ ያንኑ ዛሬውኑ ብትሸጡት ደንብ ጥሳችኋል። ሲደጋገም ብሮከሩ አካውንቱን ለ90 ቀን ይገድበዋል። የተጠናቀቀ ገንዘብ ብቻ ካልሆነ አያስገዛም። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው፤ አፑ ገንዘቡን ስላሳየው ብቻ ነጻ ነው ብሎ ያስባል።

ካሽ አካውንት ሾርት አያስደርግም። ማለትም የሌላችሁን አክሲዮን ተበድራችሁ ሸጣችሁ፣ ሲወርድ በርካሽ ገዝታችሁ መመለስ አትችሉም። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። ለጀማሪ ግን አጥር ነው። የገዛችሁት አክሲዮን ቢበዛ ዜሮ ይገባል፤ ሾርት ያደረጋችሁት ግን ጣሪያ የለውም። ጌምስቶፕ የሚባለው የአሜሪካ የጌም መደብር አክሲዮን 2021 ሲብት ከ20 ዶላር በታች ነበር። ጥር 28 ቀን በቀኑ መሐል 483 ዶላር ነክቷል። በ20 ዶላር ሾርት ያደረገ ሰው በእያንዳንዱ አክሲዮን ከ460 ዶላር በላይ ተበልቷል፤ ያውም እስከዚያ ድረስ ብሮከሩ ከታገሰው።

ማርጂን ለዴይ ትሬደር፦ አራት እጥፍ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በማርጂን አካውንት በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ አራት ወይም ከዚያ በላይ ዴይ ትሬድ ያደረገ፣ እነዚህም ከጠቅላላ ግብይቱ ከ6 በመቶ የሚበልጡ ከሆኑ፣ ፓተርን ዴይ ትሬደር ተብሎ ይመዘገብ ነበር። በ2001 በወጣው ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ ሰው አካውንቱ ውስጥ ቢያንስ 25 ሺህ ዶላር ሊኖረው ይገባ ነበር። በምላሹ በቀን ውስጥ እስከ አራት እጥፍ መግዛት ይፈቀድለት ነበር። ለሊት ለማሳደር ግን ሁለት እጥፍ ብቻ። በ2025 የፊንራ ቦርድ ይህ ደንብ በሌላ እንዲተካ ወስኗል። ስለዚህ ድሮ የተጻፈ ምክር ይዛችሁ አትግቡ፤ ብሮከራችሁ ዛሬ በየትኛው ደንብ እንደሚሠራ ጠይቁት።

25 ሺህ ይዛችሁ 100 ሺህ ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ገዛችሁ እንበል። 75 ሺህ ዕዳ ነው። ዋጋው 1 በመቶ ቢወርድ 1 ሺህ ዶላር ሄደ፤ ከራሳችሁ ገንዘብ 4 በመቶ። ለአንድ አክሲዮን 1 በመቶ ምንም አይደለም። ስልክ አንስታችሁ እስክትዘጉ ድረስ ሊወርድ ይችላል። 5 በመቶ ከወረደ 5 ሺህ፣ ከራሳችሁ አንድ አምስተኛው የለም። አንድ አምስተኛ ያጣ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ 25 በመቶ ማትረፍ አለበት። ግማሹን ያጣ ደግሞ 100 በመቶ። መውረጃውና መውጫው እኩል አይደለም።

ለኔ ትልቁ ወጥመድ ግን አራት እጥፉ ራሱ አይደለም፤ ቀኑ ሲመሽ የሚመጣው ሐሳብ ነው። ጠዋት የገዛችሁት ወርዷል። ገበያው ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ዕቅዳችሁ በቀኑ መሸጥ ነበር። ግን ከሸጣችሁ ኪሳራው እውነት ይሆናል። «ነገ ይመለሳል» ትላላችሁ። በዚያች ደቂቃ ዴይ ትሬደር መሆናችሁ ቀርቶ ሳታቅዱት የረጅም ጊዜ ባለሀብት ሆናችኋል፤ ያውም በተበደራችሁት ገንዘብ። ሁሉም ሰው አንድ ቀን እዚህ ይደርሳል፤ እኔ ደርሻለሁ።

ለሊቱ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አንድ ምሳሌ ይበቃል። የካቲት 3 ቀን 2022 ሜታ፣ የፌስቡክ ባለቤት፣ ከበፊቱ ማታ ውጤቱን ካወጣ በኋላ በአንድ ቀን 26 በመቶ ወርዶ ዘጋ። ይህ የመንደር ድርጅት አይደለም፤ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነው። ያን ለሊት 25 ሺህ ይዞ በተፈቀደው ሁለት እጥፍ 50 ሺህ ዶላር የያዘ ሰው፣ አክሲዮኑ 37 ሺህ ይሆንበታል። ዕዳው 25 ሺህ። ለራሱ የቀረው 12 ሺህ ነው። አራት እጥፉን እንደያዘ ያደረ ሰው ደግሞ 74 ሺህ ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን እና 75 ሺህ ዕዳ ይዞ ይዘጋል። 25 ሺው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሌላ 1 ሺህ ለብሮከሩ ይከፍላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው።

በ1929 የነበረው ከዚህ የባሰ ነበር። ያኔ 10 በመቶ ብቻ ከኪስ አውጥቶ 90ውን መበደር ይቻል ነበር። ጥቅምት 28 የአሜሪካ ትልልቅ ድርጅቶችን አክሲዮን ዋጋ የሚለካው ዳው ጆንስ 13 በመቶ ገደማ ወረደ። በማግስቱ ሌላ 12። የማርጂንን መጠን የመወሰን ሥልጣን ለፌዴራል ሪዘርቭ የተሰጠው ከዚያ በኋላ፣ በ1934 ሕግ ነው።

ስቶፕ ሎስ አለኝ ለሚል

«ችግር የለም፣ ስቶፕ ሎስ አስቀምጣለሁ» ይባላል። ማስቀመጡ ጥሩ ነው። ምን እንደሆነ ግን እንወቅ። የተለመደው ስቶፕ ሎስ ዋጋው እዚያ ሲደርስ «በተገኘው ዋጋ ሽጥልኝ» የሚል ትእዛዝ ነው። በዚያ ዋጋ እንደሚሸጥ ማንም ቃል አልገባም። 50 ላይ አስቀምጣችሁ አክሲዮኑ ማታ 52 ዘግቶ ጠዋት 41 ላይ ቢከፈት የምትሸጡት 41 አካባቢ ነው። መሐሉ ላይ ገዢ አልነበረም።

ግንቦት 6 ቀን 2010 ዳው ጆንስ በደቂቃዎች ውስጥ 1 ሺህ ነጥብ ገደማ ወርዶ ተመለሰ። አክሰንቸር የሚባለው ትልቅ ድርጅት አክሲዮን ለቅጽበት በአንድ ሳንቲም ተሽጧል። ከዋጋቸው እጅግ የራቁት ግብይቶች በኋላ ተሰርዘዋል። ያን ያህል ያልራቁት ግን ጸንተዋል፤ ስቶፕ ሎሱ በመጥፎ ዋጋ የሸጠለት ሰው ገበያው ሲመለስ ከውጭ ሆኖ ነው ያየው።

በካሽ ስትሠሩ ስቶፑ ቢያልፋችሁ ከራሳችሁ ገንዘብ ይቀነሳል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በአራት እጥፍ ስትሠሩ ግን ያለፈው እያንዳንዱ ዶላር በአራት ይባዛል። ስቶፕ ሎስ አደጋውን የሚቀንሰው ዋጋው በእርጋታ ሲወርድ ነው። ማርጂን የሚገድለው ደግሞ ሲዘል ነው።

ማንም የማያወራው ወጪ

ወለድ ብዙ ያስፈራል። ለዴይ ትሬደር ግን ወለድ ዋናው ወጪ አይደለም፤ በቀኑ ከፍታችሁ በቀኑ ከዘጋችሁ ብዙውን ጊዜ ምንም አይታሰብባችሁም። ዋናው ወጪ ስክሪኑ ላይ ሁለት ዋጋ ሆኖ ተቀምጧል። ገዢ የሚሰጠው 50.00፣ ሻጭ የሚጠይቀው 50.02። መሐላቸው ያለችው ሁለት ሳንቲም ስፕሬድ ትባላለች። ቸኩላችሁ ስትገዙ በ50.02 ትገዛላችሁ፤ ቸኩላችሁ ስትሸጡ በ50.00 ትሸጣላችሁ።

ሁለት ሳንቲም ምን ታደርጋለች? እንደምርላችሁ። 25 ሺህ ዶላር አላችሁ። በማርጂን እጥፍ አድርጋችሁ 1,000 አክሲዮን ትገዛላችሁ። አንድ ጊዜ ገብቶ ለመውጣት 20 ዶላር ይበላል። በቀን አምስት ጊዜ ብትገቡ ብትወጡ 100 ዶላር። በዓመት 250 ያህል የገበያ ቀን አለ። 25 ሺህ ዶላር። የገባችሁበት ገንዘብ በሙሉ። ኮሚሽን ዜሮ በሆነበት አፕ፣ አንድም መጥፎ ትሬድ ሳይኖር፣ እዚያው ለመቆም ብቻ በዓመት መቶ በመቶ ማትረፍ አለባችሁ።

ያው ሰው በካሽ አካውንት ቢሆንስ? 500 አክሲዮን፣ በቀን አንድ ጊዜ። 10 ዶላር በቀን፣ 2,500 በዓመት። እሱም ቀላል አይደለም፤ 10 በመቶ ነው። ግን ከመቶ በመቶ ጋር አይወዳደርም። ዋጋ ወስኖ ተራ የሚጠብቅ ትእዛዝ የሚያስገባ ሰው ከዚህ ሊያተርፍ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ዋጋው ጥሎት የሚሄድበት ቀን አለ።

ለዚህ ነው ማርጂን ችሎታን አያባዛም የምለው። ጥሩ የሚገምት ሰው በማርጂን የተሻለ አይገምትም። ወጪውና ስህተቱ ግን ወዲያው ይባዛሉ።

ጥናቶቹም ወደዚያው ይጠቁማሉ። ታይዋን ውስጥ የዴይ ትሬደሮችን ሒሳብ ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ወጪያቸውን ሸፍነው በተከታታይ ማትረፍ የቻሉት ከ1 በመቶ በታች መሆናቸውን አግኝተዋል። ብራዚል ውስጥ በኢንዴክስ ፊውቸርስ (በብዙ አክሲዮኖች የተጠቃለለ ዋጋ ላይ በሚደረግ የወደፊት ውል) ላይ ከ300 ቀን በላይ ከጸኑት 97 በመቶው ከስረዋል። የሕንድ ገበያ ተቆጣጣሪ ሴቢ በ2022/23 የበጀት ዓመት አክሲዮን በቀኑ ገዝተው ከሸጡ ግለሰቦች ከአሥሩ ሰባቱ መክሰራቸውን ዘግቧል።

«ያ ዴይ ትሬዲንግ ነው እንጂ ማርጂኑ አይደለም» የሚል ካለ ሌላ ጥናት አለ። በ2010 አሜሪካ የግለሰብ የውጭ ምንዛሪ ነጋዴዎች የሚበደሩትን በ50 እጥፍ ገደበች። ከፍ አድርገው ይበደሩ የነበሩት ሰዎች ኪሳራ በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ችሎታቸውም ያው። የተቀየረው ብድሩ ብቻ ነው።

ሌሎቹ አማራጮች፣ ቶሎ ቶሎ

ሲኤፍዲ፦ አክሲዮኑን ሳትገዙ በዋጋው ልዩነት ብቻ ከብሮከሩ ጋር የምትዋዋሉት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለግለሰብ አይፈቀድም። አውሮፓ ውስጥ ተቆጣጣሪው ኤስማ በ2018 ገደብ ሲያወጣ ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑ የግለሰብ አካውንቶች እንደሚከስሩ ገልጿል። ለአክሲዮን ብድሩን በአምስት እጥፍ ገደበ። አንድ ነገር ግን በሐቅ እንናገር። እዚያ አካውንታችሁ ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ደንቡ ይከለክላል። የአሜሪካ ማርጂን ይህ ጥበቃ የለውም። በዚህ በኩል ብቻ ሲኤፍዲ ይሻላል። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን ደንቡ በሚገዛው ብሮከር ዘንድ ነው። ከሩቅ ደሴት ሆኖ 100 እጥፍ የሚያቀርብላችሁን አይመለከትም።

ሌቨሬጅ ያለው ኢቲኤፍ፦ እንደ አክሲዮን ገበያ ላይ የሚገዛ፣ ብድር የተጨመረበት ፈንድ ነው። ብድሩ ፈንዱ ውስጥ ስላለ ማርጂን ኮል የለባችሁም። የሚጠፋውም ያስገባችሁት ብቻ ነው። ለአንድ ቀን ከሆነ እንደ ስሙ ይሠራል። ሲቆይ ግን ይሸረሸራል። ኢንዴክሱ ከ100 ወደ 90 ወርዶ በማግስቱ ወደ 100 ተመለሰ እንበል። ሁለት እጥፉ ፈንድ ከ100 ወደ 80 ወርዶ የሚመለሰው 97.78 ላይ ነው። ኢንዴክሱ ምንም አላጣም፤ እናንተ ከ2 በመቶ በላይ አጥታችኋል።

ኦፕሽን፣ ማለትም አክሲዮንን እስከ አንድ ቀን ድረስ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት፣ መግዛት፦ ኪሳራው በከፈላችሁት ይወሰናል፤ ጊዜ ግን በየቀኑ ከላዩ ይበላል። ጽሑፍ ለብቻው ይፈልጋል።

«ፈንድድ አካውንት» የሚሰጡት ደግሞ፦ ክፍያ ከፍላችሁ ፈተና ትወስዳላችሁ፤ ካለፋችሁ በድርጅቱ ገንዘብ ትሠራላችሁ ይባላል። ብዙ ጊዜ ከሚታየው የትርፍ ቁጥር ላም አለኝ በሰማይ ይሻላል። ቢያንስ ላሚቱ መመዝገቢያ አታስከፍልም።

እንግዲህ የቱን?

ጀማሪ ከሆናችሁ ካሽ። ቁርጥ ያለ መልስ ነው፤ ምክንያቱን ከላይ ደምሬዋለሁ። በተለይ እጃችሁ የሚበላችሁ ዓይነት ከሆናችሁ፣ ያ የአንድ ቀን መጠበቅ ከማንኛውም መካሪ ይሻላል። የበላው እጅ ማግስቱን ይጠብቃል፤ እስከዚያ ንዴቱ ይበርዳል።

የአንድ ቀን መጠበቁ በእርግጥ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ መሐል መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ማርጂን አካውንት መክፈት እና ማርጂን መበደር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማርጂን አካውንት ከፍታችሁ ከራሳችሁ ገንዘብ በላይ አለመግዛት ትችላላችሁ። ሴትልመንት አይያዛችሁም፤ ዕዳም የለባችሁም። ችግሩ ሁለት ነው። ብሮከራችሁ የሚሠራበት የዴይ ትሬደር ደንብ ይመለከታችኋል። ሁለተኛ፣ ያ ትልቅ ቁጥር በየቀኑ ከፊታችሁ ቁጭ ብሎ ይጠቅሳችኋል። አንዳንድ ብሮከር የምትበደሩትን ራሳችሁ እንድትገድቡ ያስችላል፤ ካለ ተጠቀሙበት።

በእውነት ለመበደር የሚበቃው ማነው? በካሽ ቢያንስ መቶ ትሬድ ያደረገ፣ እያንዳንዱን የመዘገበ፣ ስፕሬድና ግብር ከተቀነሰ በኋላም ትርፍ የሚያይ ሰው ነው። የመቶው ቁጥር የኔ ነው፤ ደንብ አይደለም። ሃያ ትሬድ ዕድል ሊሆን ይችላል። ያኔም አራት እጥፉን ሳይሆን ከግማሽ በታች፣ ማለትም 25 ሺህ ላለው 35 ሺህ ያህል ገዝቶ ቢጀምር ይሻላል። ለኪራይ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሕክምና የተቀመጠ ገንዘብ ያለበት አካውንት ላይ ግን ማርጂን መንካት የለበትም፤ እዚህ ላይ አልደራደርም።

ከመፈረማችሁ በፊት ብሮከሩን ሦስት ነገር ጠይቁት። ልትገዙት ላሰባችሁት አክሲዮን፣ በስሙ፣ የሚጠይቀው በመቶኛ ስንት ነው? አጠቃላዩን ሳይሆን የዚያን አክሲዮን። ይህን ሲቀይር የሚነግራችሁ በምን ነው፣ ስንት ሰዓት ቀደም ብሎ? ማርጂን ኮል ሲመጣ ሰው ነው የሚያየው ወይስ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሸጣል? ሦስተኛውን ስጠይቅ የመለሰልኝ ልጅ ትንሽ ዝም ብሎ «ሲስተሙ ነው» አለኝ። ዕዳ ሲኖርባችሁ ብሮከሩ አክሲዮናችሁን ለሌሎች ማበደር እንደሚችልም እግረ መንገዳችሁን አንብቡ፤ እዚያው ውል ውስጥ አለ።

እኔ ከዚያ ከ76ቱ አክሲዮን በኋላ ሁለት ወር ያህል አመነታሁ። በመጨረሻ ዕዳዬን ዘግቼ ማርጂኑ እንዲነሳልኝ ፎርም ሞላሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በማግስቱ አፑን ስከፍት ከላይ ያለው ትልቁ ቁጥር በግማሽ ቀንሶ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ግን ያው ነው፣ «የመግዛት አቅም»። 9,640 ዶላር ይላል። ሁለት ገጽ ወደ ውስጥ ገብቼ አረጋገጥኩ። እዚያም 9,640 ይላል።